ከስሳ ገብታ ሳምንት ሳይሞላት ከወጣች፣ ክሱ ምን ፈየደ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዐምዱ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስመረቅ የዕጩ መኮንንነት ሥልጠና ለመግባት ስላሰብሁ፣ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ በየማለዳው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተነሥቼ የጣናን ዳር ይዤ ዱብ ዱብ እላለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ሐሳቤን አይወደውም። ሰሞኑን ሻነን ፎክነር ስለምትባል አሜሪካዊት አንብቦ፣ «ይኸውልሽ፣ ሁለት ዓመት ተካስሳ የገባችበትን የጦር ኮሌጅ ሳምንት ሳይሞላት ጥላው ወጣች፤ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የተባለው ለዚህ ነው» አለኝ። ወደ ሐይቁ እያሳየኝም፣ «ክብራን ገብርኤልም ሴት አይገባም፤ አንዳንድ ቦታ ለወንድ ብቻ ቢሆን ምን ነውር አለው?» ይላል። መልስ አጣሁለት። ያቺ ልጅ ፍርድ ቤት የቆመችው ምን ለማግኘት ነበር? ደግሞስ እኩል መታየት ማለት መመዘኛው ለሴት ይቀነስ ማለት ነው?
እኅታችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ወንድምዎ የነገረዎት እውነት ነው፤ ጉድለቱ ከታሪኩ ግማሹን ማስቀረቱ ነው። ሻነን ፎክነር እ.ኤ.አ. በ1993 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ቻርልስተን ከተማ ወደሚገኘው ዘ ሲታዴል ወደተባለው የጦር ኮሌጅ ስታመለክት፣ ጾታዋን የሚጠቁመው ሁሉ ከትምህርት ማስረጃዋ ላይ እንዲወጣ አድርጋ ስለነበር ኮሌጁ ወንድ መስላው ተቀበላት፤ ሴት መሆኗን ባወቀ ጊዜ ግን ቅበላውን ሰረዘ። ልብ ይበሉ፤ ውጤቷ ያው ነው፣ ወረቀቱም ያው ወረቀት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከዚያ በኋላ ዓመታት የፈጀው ክርክር ፍሬ ነገሩ እዚያች ወረቀት ላይ ነበረ።

በነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ሥልጠናው ስትገባ፣ ወደ ሁለት ሺህ በሚጠጉ ወንድ ዕጩ መኮንኖች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ ጣላት፤ ከእርሷ ጋር የወደቁ ወንዶችም ነበሩ። የቀረውን የሳምንቱን ክፍል በሕክምና ክፍል ተኝታ አሳለፈችና ወጣች፤ በግቢው የነበሩት ወንዶችም በደስታ ጮኹ። ወንድምዎ ያላነበቡት፣ ወይም አንብበው ያለፉት፣ በዚያው ሳምንት ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ወንዶችም ሥልጠናውን ጥለው መሄዳቸውን ነው። ስለ እነዚያ ወንዶች «ወንድ ለውትድርና አይሆንም» ያለ ሰው አልሰማንም፤ ስማቸውንም የሚያስታውስ የለም። ወንዱ ሲወድቅ ራሱን ችሎ ይወድቃል፤ እርሷ ስትወድቅ ግን ሴት ሁሉ አብራ እንደወደቀች ተቆጠረ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን አባባል አብዝተን የምንጠቅሰው ለዕቁብና ለደቦ ነው እንጂ፣ ለብቻዋ ለተሰለፈች ምልምልም ልክ ነው።

ክሱ የፈየደው በሚቀጥለው ዓመት ታየ። በሰኔ 1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ክስ በቀረበበት በሌላ የጦር ኮሌጅ፣ ከ1839 ጀምሮ ወንድ ብቻ ሲያሠለጥን በኖረው በቨርጂኒያ ሚሊታሪ ኢንስቲትዩት ላይ፣ በሰባት ድምፅ ለአንድ ፈረደ። የፍርዱን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ነበሩ። ግዛቲቱ «ለሴቶች በሌላ ኮሌጅ የራሳቸውን መርሐ ግብር ከፍተንላቸዋል» ብላ ብትከራከርም፣ ያ መርሐ ግብር በመምህራኑም ሆነ በሥልጠናው ጥንካሬ፣ በተመራቂው ክብርም ሆነ በኋላ በሚያስገኘው ወዳጅና ዘመድ ከዋናው ጋር ሊወዳደር እንደማይችል ፍርድ ቤቱ አስረዳ። ፍርድ ቤቱ ሴት ሁሉ ይህን ሥልጠና ትችለዋለች አላለም፤ አብዛኞቹ ወንዶችም አይመርጡትም። ያለው፣ የምትፈልገውና የምትችለው ሴት «ሴቶች በአማካይ እንዲህ ናቸው» በሚል ምክንያት ከደጅ ልትመለስ አይገባም ነው። ፍርዱ በተሰጠ በሁለተኛው ቀን ሲታዴልም በሩን መክፈቱን አስታወቀ።

ከዚያ በኋላም መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በዚያው ዓመት ከገቡት አራት ሴቶች መካከል ሁለቱ፣ ልብሳቸው ላይ እሳት እስከ መለኮስ የደረሰ በደል ተፈጽሞባቸው ወጡ። ናንሲ ሜስ ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ከዕጩ መኮንኖቹ ጓድ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በእስራኤልም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ አሊስ ሚለር የአየር ኃይሉን የአብራሪነት ፈተና ለመቀመጥ ተካስሳ በ1995 እ.ኤ.አ. ረታች፤ እርሷ ራሷ ግን ምርጫውን አላለፈችም። በ2001 እ.ኤ.አ. የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ሆና የተመረቀችው ሮኒ ዙከርማን የገባችው በዚያ በር ነው። ከሳሿ ሌላ፣ ተመራቂዋ ሌላ ናት። አንዲት ሴት ርስቷን ለማስመለስ ተካስሳ ብትረታና ማረሻውን ልጇ ቢጨብጠው፣ ክሱ ከንቱ ነበር የሚል የጎጃም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወደ ክብራን ገብርኤል ልመለስ፤ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በማለዳ ሲሮጡ በደን ተሸፍኖ የሚያዩት ያ ደሴት የመነኮሳት ገዳም ነው፤ ወደዚያ የሚገባው ዓለምን ንቆ በፈቃዱ ሥርዓት የተቀበለ ሰው ነው፤ ገዳሙም የመንግሥት ሹመት አያድልም። ሲታዴልና የቨርጂኒያው ኮሌጅ ግን በመንግሥት ሥር ያሉ፣ ሴቱም ወንዱም በሚከፍለው ግብር የሚደገፉና ተመራቂያቸውን ወደ ማዕርግ የሚያደርሱ ተቋማት ነበሩ። ክርክሩ የተነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። ለወንድምዎ ይህን ቢያስረዱ፣ ገዳሙን ሳይደፍሩ ሙግቱን ያስተካክላሉ።

መመዘኛው ይቀነስ ወይ ላሉት፣ እኔ አይቀነስ ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር አብሮ ይታይ። አንደኛው፣ መመዘኛው ከሥራው የተቀዳ መሆን አለበት፤ ቁስለኛ ጎትቶ ማውጣት የሥራው ክፍል ከሆነ ሁሉም ይጎትት፤ የመመዘኛው ፋይዳ ሴት ማስቀረት ብቻ ከሆነ ግን ስሙ መመዘኛ አይደለም። ሁለተኛው፣ አስቀድሞ የታወቀና ለሁሉም በአንድ እጅ የሚለካ ይሁን። የአሜሪካ ጦር ሬንጀር የተሰኘውን ሥልጠና በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ለሴቶች ሲከፍት ያደረገው ይህን ነው። 49 ፑሽ አፕ፣ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በ40 ደቂቃ፣ 16 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ተሸክሞ 19 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት፤ ለሴቷም ለወንዱም አንድ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ጀመሩ፤ በነሐሴ ወር ክሪስተን ግሪስትና ሼይ ሄቨር፣ አንዳንዱን ምዕራፍ ደጋግመው፣ ተመረቁ። አብሯቸው የተመረቀ አንድ መኮንን ሲናገር፣ በጉዞ ላይ ሸክሙ ከብዶት የሚያግዘው ሲጠይቅ፣ ከደከመው ጓድ መካከል «እኔ ልያዝልህ» ያለችው ሄቨር ብቻ እንደነበረች መስክሯል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በመብታቸው ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ካለፈው የበታችነት አያያዝ ውርስ የተነሣም ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ እንዲደረግላቸው ይፈቅዳል። በእኔ ግምት ድጋፉ መዋል ያለበት የሩጫውን ሰዓት በማርዘም አይደለም፤ በእግሯ ልክ የተሠራ ከስክስ ጫማ፣ በትከሻዋ ልክ የሚጠብቅ የጀርባ ቦርሳ፣ ቁልፍ ያለው መታጠቢያ ቤት፣ አቤቱታ ሲኖራት ከቅርብ አለቃዋ ሌላ የምትነግረው ሰው በማዘጋጀት እንጂ።

ለእርስዎ የምመክረው፣ ማስታወቂያው ሲወጣ መመዘኛውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ መመዘኛ ከሰው ሰው ይለያያል። ዱብ ዱብ ብቻውን አይበቃም። ውኃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እናቶቻችን ከቦኖ የሚያመላልሱት ይኸው ነው፤ ነገር ግን እነርሱም 19 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት አልሄዱበትም። ከአምስት ኪሎ ጀምረው በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሩጫ ይልቅ ሸክም ይዘው በፍጥነት ይራመዱ። ጫማውን አስቀድመው ያለማምዱት፤ ካልሲው እርጥብ ከሆነ ቆመው ይቀይሩ፤ የተላጠ ተረከዝ ከሩጫው በፊት ያስቀራልና። ወንድምዎም ፈቃዳቸው ከሆነ፣ አንድ ቅዳሜ ያንኑ ክብደት ተሸክመው አብረውዎት ይውጡ፤ ሰዓት የሚይዝ ሦስተኛ ሰው ግን አይጥፋ።