ጎርፉ አፈራችንን ወደ ጎረቤት ኩሬ ይወስዳል፤ የመንግሥት ሰው መጥራት ግን ፈራን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ አዛውንት 6 ኤከር መሬት ተከራይተን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም እናመርታለን። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ውላችን የቃል ነው፤ በየዓመቱ ኪራዩን ከፍለን እንቀጥላለን። መሬቱ ተዳፋት ነው። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ ማሳውን እየቦረቦረ አፈሩን ታች ወዳለው ጎረቤት ኩሬ ይከተዋል። በቅርቡ ጎረቤቱ «በ30 ቀን ውስጥ ካላስቆማችሁ እከሳለሁ» የሚል ደብዳቤ ላከልን። ገበያ ላይ የምናውቀው ገበሬ «ሶይል ኮንሰርቬሽን ዲስትሪክት (የአካባቢው የአፈር ጥበቃ ቢሮ) ሂዱ፤ በነፃ ያግዟችኋል፤ ለሃይ ተነልም (በፕላስቲክ ለሚሸፈነው የአትክልት ቤት) ገንዘብ አለ» አለን። ባለመሬቱ ግን «የመንግሥት ሰው መሬቴን እንዳይረግጥ» ብለዋል። እኛም ቅጣት እንዳይመጣብን ሰጋን። ባለቤቴ ኤክስካቫተር ተከራይቶ ትልቅ ቦይ ቆፍሮ መገላገል ይፈልጋል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ኤክስካቫተሩ ይቆይ። ባለቤትዎ ችግሩን በራሳቸው ጉልበት ለመፍታት መነሣታቸውን አከብራለሁ። በሕግ ዓይን ግን ያ ቦይ ከጎርፉ የባሰ ጣጣ ሊያመጣባችሁ ይችላል።

ምክንያቱን ላስረዳ። በሜሪላንድ ሕግ፣ ከላይ ካለ መሬት በተፈጥሮው የሚወርድን ውሃ የታችኛው ባለመሬት መቀበል አለበት። የላይኛው ሰው ግን ውሃውን በቦይ ሰብስቦ፣ መጠኑንና ኃይሉን ጨምሮ በአንድ ቦታ ቢለቅበት ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ፍርድ ቤት «አድራጎቱ ምክንያታዊ ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ ጎረቤታችሁ የሚያማርረው በዝናብ ነው። ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ የሚያማርረው በእናንተ ቦይ ይሆናል። በዚያ ላይ ታች ያለው መሬት ረግረግ ከሆነ ያለ ፈቃድ መቆፈርና ማጠንፈፍ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሦስተኛውን ምክንያት ወደ ገንዘቡ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ፈሩት መሥሪያ ቤት ልምጣ። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች አፈር በነፋስ ተነሥቶ ሰማዩን አጨለመ። ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት የተባሉ የአፈር ባለሙያ ለዓመታት ሲወተውቱ ቆይተው፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1935 የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። ነገር ግን ከዋሽንግተን የሚመጣ ትእዛዝ ገበሬውን እንደማያሳምነው ግልጽ ነበር። ስለዚህ በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለየግዛቱ አገረ ገዢዎች የሞዴል ሕግ ላኩ። ሐሳቡም የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው የሚመሩት ዲስትሪክት ይቋቋም የሚል ነበር። የመጀመሪያው በዚያው ዓመት ኦገስት 4 ቀን በሰሜን ካሮላይና፣ በቤኔት የትውልድ አካባቢ፣ ብራውን ክሪክ በሚል ስም ተቋቋመ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዲስትሪክቶች አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ 24 ናቸው።

ታሪኩን ያነሣሁት ለፍርሃትዎ መልስ ስላለው ነው። እነዚህ ተቋማት ሲመሠረቱም በገበሬው ፈቃደኝነት እንዲሠሩ ታስበው ነው። ዲስትሪክቱ የመንግሥት አካል መሆኑ እውነት ነው። ግን መሬት አይወርስም፣ ኪራይ አያስለቅቅም፣ ጎርፍ ወረደ ብሎም ቅጣት አይጽፍም። ባለሙያው የሚመጣው ሲጠሩት ነው። መጥቶ ማሳውን በእግሩ ይዞራል፣ የአፈሩን ዓይነትና የተዳፋቱን ልክ ያያል፣ ውሃው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይከተላል። ከዚያ «የአፈር ጥበቃና የውሃ ጥራት ዕቅድ» ይሠራላችኋል። አንድ ሳንቲም አትከፍሉም። በእናንተ ዓይነት መሬት ላይ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ተዳፋቱን አግድም አቋርጦ ማረስና መትከል፣ ለብርዱ ወቅት አፈሩን ሸፍኖ የሚይዝ ሰብል መዝራት፣ ጎርፉ የሚወርድበትን መስመር በሣር የተሸፈነ ሰፊ ቦይ ማድረግና ከኩሬው በላይ የሣር ወይም የዛፍ ቀበቶ መተው ነው። የሣር ቦዩ ባለቤትዎ ካሰቡት ቦይ ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው። ሰፊና ዝርግ ነው፤ ውሃውን አዘግይቶ አፈሩን ያስቀርለታል።

አንድ ልብ የሚባል ነገር ግን አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ዲስትሪክቱ የግንባታ ቁፋሮ የአፈር መከላከያ ዕቅዶችንም ያጸድቃል። ወደፊት መጋዘን ወይም መንገድ ለመሥራት 5,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ መሬት የምትነኩ ከሆነ አስቀድማችሁ እዚያው ጠይቁ። መደበኛ እርሻን ይህ አይመለከተውም።

የጎረቤቱን ደብዳቤ በተመለከተ፦ አትጣሉት፣ በንዴትም አትመልሱ። ሜሪላንድ ለገበሬ የሚቆም ሕግ አላት። አንድ እርሻ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠራ፣ የአካባቢ ጥበቃና ሌሎች ሕጎችን ካከበረ፣ በቸልተኝነትም ካልተካሄደ፣ ጎረቤት «ሰላሜን ነሣኝ» ብሎ የሚያቀርበው ክስ አይቆምም። እናንተ ሦስተኛ ዓመት ይዛችኋል፤ ጥሩ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ ክስ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በካውንቲው የእርሻ ቅሬታ ሰሚ አካል፣ እሱ ከሌለ በግዛቱ የእርሻ ሽምግልና በኩል ማለፍ አለበት።

ነገር ግን «በቸልተኝነት» የምትለውን ቃል አስምሩባት። እስከ ትናንት አፈሩ ጎረቤትን እየጎዳ መሆኑን አናውቅም ነበር ማለት ትችሉ ይሆናል። ደብዳቤው እጃችሁ ከገባ በኋላ ግን አይቻልም። ተነግሯችሁ ዝም ካላችሁ፣ ያ ዝምታ ነው ፍርድ ቤት የሚቀርብባችሁ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ዲስትሪክቱ ጋ ደውሉና ቀጠሮ ያዙ። የቀጠሮውን ማረጋገጫ በኢሜይል ጠይቁ። ከዚያ ለጎረቤታችሁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ ጉዳዩን አክብደን ይዘነዋል፣ በዚህ ቀን የዲስትሪክቱ ባለሙያ ማሳውን ያያል፣ ውጤቱን እናሳውቅዎታለን። በቃ። ጥፋተኛ ነን አትበሉ፤ ጥፋተኛ አይደለንም ብላችሁም አትከራከሩ። የ30 ቀኑን ገደብ ያወጣው ጎረቤታችሁ ነው፤ ሕግ አላወጣውም። ግን በውስጡ መልስ መስጠት መልካም ጉርብትናም ነው፣ ጥሩ ማስረጃም ነው። ዝናብ ሲጥልም ጎርፉን ቀኑን በሚያሳይ ፎቶ አንሡ። ከላይኛው መንገድ ወይም ከሌላ ሰው መሬት የሚገባባችሁ ውሃ ካለ እሱንም ጨምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እኔን ከጎርፉ ይልቅ ያሳሰበኝ ውላችሁ ነው። የቃል ኪራይ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይጸናል። ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ ግን ሕጉ ጽሑፍ ይጠይቃል። ባለመሬቱ ምንም ያህል ደግ ይሁኑ፣ ነገ ልጆቻቸው ቢወርሱት ወይም መሬቱ ቢሸጥ፣ እናንተ ያለማችሁትን አፈር ይዛችሁ አትሄዱም። ለዲስትሪክቱ ምክር ብቻ ከሆነ የቃል ውሉ ላያስቸግር ይችላል። የፌዴራል ገንዘብ ከፈለጋችሁ ግን ከመንግሥት ጋር የምትፈርሙት ውል በሚቆይበት ዘመን ሁሉ መሬቱ በእጃችሁ እንደሚሆን ማሳየት አለባችሁ። ቋሚ ነገር ለመሥራትም የባለመሬቱ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የ5 ዓመት ውል በጽሑፍ ጠይቁ። ከ7 ዓመት ካለፈ በመሬት መዝገብ መመዝገብ ስለሚያስፈልገው፣ ለጊዜው ከዚያ በታች ቢሆን ይቀላል። ውሉ ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይግባ፦ «ተከራይ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዕቅድ ለማሠራት የዲስትሪክቱን ባለሙያ ወደ መሬቱ ማስገባት ይችላል። በዕቅዱ መሠረት ለሚሠሩ ሥራዎች አከራይ ፈቃዱን ሰጥቷል። ሃይ ተነሉና መስኖው የተከራይ ንብረት ነው፤ ኪራዩ ሲያበቃ ነቅሎ መውሰድ ይችላል። መሬቱ ኪራዩ ሳያልቅ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት ይህን ውል ያከብራል። ባያከብር፣ በዚህ ምክንያት ተከራይ ለመንግሥት የሚመልሰውን ገንዘብ አከራይ ይተካል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አያስታውሳትም። ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን እሷ ስትጎድል ነው።

አዛውንቱን ለማሳመንም ሕግ በእጃችሁ አለ። በ2008 የፌዴራል የእርሻ ሕግ አንቀጽ 1619 መሠረት፣ ገበሬ ወይም ባለመሬት በፌዴራሉ የእርሻ መሥሪያ ቤት፣ በዩ ኤስ ዲ ኤ፣ ፕሮግራም ለመሳተፍ ስለ እርሻውና ስለ መሬቱ የሰጠውን መረጃ መሥሪያ ቤቱም ሆነ አብሮት የሚሠራ አካል ለውጭ ሰው አሳልፎ መስጠት አይችልም። ሌላም አለ። መሬታቸው በእርሻ ላይ በመሆኑ በዝቅተኛ ግምት የንብረት ግብር እየከፈሉ ከሆነ፣ ይህን ጥቅም የሚያስጠብቅላቸው የእናንተ እርሻ ነው። አፈሩ ታጥቦ ካለቀ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚከስሩት እሳቸው ናቸው። ቁጭ ብላችሁ፣ ሳትቸኩሉ አስረዷቸው። ከፈቀዱ፣ ባለሙያው በሚመጣበት ቀን አብረው እንዲዞሩ ጋብዟቸው።

ገንዘቡን በሚመለከት የሰማችሁት እውነት ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሃይ ተነልን ጨምሮ ብዙ ሥራዎችን የሚደግፈው ኢክዊፕ የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ነው። የሚያስተዳድረው ኤን አር ሲ ኤስ የተባለው የዩ ኤስ ዲ ኤ ክፍል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከዲስትሪክቱ ጋር በአንድ ቢሮ ነው የሚቀመጠው። በመደበኛው ከተገመተው ወጪ እስከ 75 በመቶ ይከፍላል። በእርሻ ሥራ ላይ ከ10 ዓመት በላይ ያልቆየ ጀማሪ ገበሬ ግን እስከ 90 በመቶ ሊያገኝ ይችላል። ለዕቃ መግዣ ቅድሚያ ክፍያም መጠየቅ ይችላል። እናንተ ጀማሪዎች ናችሁና ይህን መብት ከመጀመሪያው ቀን አንሡት። ማመልከቻው ላይ ካልተሞላ ማንም መጥቶ አይጠይቃችሁም።

ቅድም ያቆየሁት ሦስተኛው ምክንያት ይኸው፦ የኢክዊፕ ውሉ ሳይፈረም የጀመራችሁት ሥራ አይከፈልበትም። ልዩ ፈቃድ በጽሑፍ ካላገኛችሁ በቀር፣ ዕቃ ገዝቶ ሥራ የጀመረ ሰው ገንዘቡን ከኪሱ ከፈለ ማለት ነው። ማመልከት ብቻውንም ተቀባይነት አይደለም፤ ማመልከቻዎች ይወዳደራሉ። ከፈረማችሁ በኋላ ደግሞ ሥራውን በወጣው መለኪያ መሠረት መሥራትና በጊዜው ሁሉ መንከባከብ ግዴታችሁ ነው። አቋርጣችሁ ብትወጡ የተከፈላችሁን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። የኢክዊፕ ውሉ ዕድሜ ከኪራያችሁ ዕድሜ እንዳይበልጥ አደራ። ማመልከቻችሁ ብቁ አይደለም ቢባልም ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ። ጊዜው ግን አጭር ነው፣ ውሳኔው ከደረሳችሁ 30 ቀን ብቻ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ ውስጥ በዓመት 2,500 ዶላርና ከዚያ በላይ ሽያጭ ያለው እርሻ የማዳበሪያ አጠቃቀም ዕቅድ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል። በሦስት ዓመት ገበያ ይህን ገንዘብ ሳታልፉት አልቀራችሁም። ይህ እንደ አፈር ጥበቃው ዕቅድ በፈቃደኝነት የሚሠራ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ቅድም ያልኩት ለገበሬ የሚቆመው ሕግም ያለዚህ ዕቅድ አይሠራም። ጎረቤታችሁ ጠበቃ ከያዘ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ለገበሬዎች በነፃ ያዘጋጃል። ከሌላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉላቸው።

ወደ ዲስትሪክቱ ስትሄዱ የመሬቱን አድራሻ፣ የጎርፉን ፎቶዎች፣ የጎረቤቱን ደብዳቤ፣ ኪራይ የከፈላችሁባቸውን ደረሰኞችና ካላችሁ የአፈር ምርመራ ውጤት ያዙ። በዩ ኤስ ዲ ኤ ቢሮ ውስጥ ካለው ኤፍ ኤስ ኤ የተባለ ክፍል የእርሻ ቁጥር እንዲሰጣችሁም ጠይቁ፤ ያለሱ የኢክዊፕ ማመልከቻ አይንቀሳቀስም። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙ ይህንንም ተናገሩ። የውሉ ረቂቅ ሲደርሳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ላኩልኝ፤ አነበዋለሁ።