ለፔጆ 404 የኋላ ሞላ ስለ መምረጥ

ሰላም ወንድሜ፣ በደንገጎ ዳገት አድርገው ወደ ሐረር ሲወጡ፣ ከኋላ ሰው በተጫነ ቁጥር ለሚቀመጥብዎት ፔጆ 404 የሌላ መኪና ሞላ አስቆርጦ መግጠም ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ አልመክርም። ሞላ ሲቆረጥ ከቁመቱ ጋር የጥምዞቹ ቁጥር ስለሚቀንስ የቀረው ክፍል ይበልጥ ይደርቃል፤ በእሳት የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ያገኘው ብረት ጥንካሬውን አጥቶ እዚያው ላይ ሊሰበር ይችላል።

ሲመርጡ ከቁመቱ አስቀድመው የሞላውን ሽቦ ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ይለኩ። የጥምዙ ስፋትና ቁጥር እኩል ሆኖ ውፍረቱ ከ12 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨምር ሞላው 38 በመቶ ገደማ ይጠነክራል፤ ይህ ልዩነት ለዓይን እምብዛም ባይታይም፣ መኪናው ባዶውን በጀጎል ድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲሄድ ወገብዎ ይነግርዎታል። የስቴሽን ዋገኑ 404 ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ሞላ ስላለው፣ ከእሱ አንዱን ነጥሎ ለአውቶሞቢሉ (ለተራው የቤት መኪና 404) መውሰድም አያስኬድም። 404 በሐረር ለረጅም ዘመን በታክሲነት ስላገለገለ ያገለገለ ሞላ አይጠፋም፤ ነገር ግን ታክሲ ላይ የኖረ ሞላ ከእርስዎው ያልተሻለ ሊሆን ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ከጎማው መሐል ከበላዩ እስካለው የፓራፋንጎው (የጎማ ሽፋኑ) ጠርዝ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ይለኩ። አንዱ ጎን ብቻ ዝቅ ብሎ ከሆነ የሞላውን መቀመጫ ዝገት እንዳልበላው ያስፈትሹ። ሲቀይሩ ግን ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ይቀይሩ።