ብቻሽን ወደ አካዲያ? ሂጂ፣ ቀኑን ግን አስተካክዪ

እህቴ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ያለ መኪና ብቻዬን አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ባሕር ዳርቻ ብሄድ ይከብደኛል ወይ ላልሽው፣ ብቸኝነቱ አያስጨንቅሽ፤ ከአካዲያ ፓርክ አጠገብ ያለችውን ከተማ ባር ሃርበርን በእግርሽ ትዞሪያታለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። አካዲያ ፓርክ ውስጥ የሚያዞረው ነጻ አውቶቡስ በኦክቶበር አጋማሽ ሥራ ያቆማል፤ ቅጠሉም የሚያምረው ያኔ አካባቢ ነው። ወደ ሁለተኛው ሳምንት አምጪውና ማደሪያ ቶሎ ያዢ፣ ሰው ይበዛል።

ባር አይላንድን ደግሞ እንዳታልፊው። ባሕሩ ሲሸሽ ከከተማው እስከ ደሴቱ የጠጠር መንገድ ይወጣል፤ ዛጎልና የባሕር አረም እየረገጥሽ ትሻገሪያለሽ። መንገዱ ክፍት የሚሆነው ውሃው በጣም ዝቅ ከሚልበት ሰዓት በፊትና በኋላ 1 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። አደራ፣ ብቻሽን ስለሆንሽ የዕለቱን ሰዓት ሳታዪ አትግቢ፤ ስልክሽንም ለመመለሻው አላርም ሙዪው።