ውሃ ድንጋይን መቼ ያነሳል? ላዩን ሳይሆን ታቹን እዩ

«በአንድ ቦይ ውስጥ አሸዋው ተጠርጎ ሄደ፤ ከሱ የደቀቀው ጭቃ ግን ባለበት ቀረ። ቀላሉ ቀድሞ መሄድ አልነበረበትም? ድንጋይስ ውሃው ስንት ሲፈጥን ነው የሚነሳው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦ በመስኖ ወንዝ ጠለፋ ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

የጭቃው ጥያቄ እንኳ ለመመለስ አይከብድም። የሸክላ አፈር ሲበዛ የሚቆጠረው ክብደቱ ሳይሆን መጣበቁ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ውሃው አንዷን ነጥሎ መውሰድ ያቅተዋል። አሸዋ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ ናት። ስዊድናዊው ፊሊፕ ዩልስትሮም እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን በግራፍ አሳይቶታል። በትንሽ ፍጥነት የሚነሳው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አሸዋ ነው። ከሱ የተለቀውም፣ በጣም የደቀቀውም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ጭቃ አንዴ ከተነሳ ግን በዝግታ ውሃም ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ቦይህን ጭቃው ሳይጠነክር ጥረገው።

ወደ ድንጋዩ ስንመጣ «ስንት ሲፈጥን» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያሳስታል። ላይ የምታየው ፍጥነትና ድንጋዩ ጋ ያለው አንድ አይደሉም። ወሳኙ ውሃው ወለሉን የሚጎትትበት ኃይል ነው። እሱ ደግሞ ከጥልቀቱና ከተዳፋቱ ይመጣል። ለምሳሌ ውሃው ግማሽ ሜትር ጥልቀት አለው፣ በ100 ሜትር 1 ሜትር ይወርዳል እንበል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ የሚጎትተው 49 ኒውተን ገደማ ነው፤ አምስት ኪሎ እንደማለት። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን አልበርት ሺልድስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ላይ ባወጣው መለኪያ ስታሰላው፣ ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ድንጋይ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ እንደሚቀልለት አትርሳ።

አጀማመሩን ለማየት ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲጠራ ወንዝ ዳር ቁጭ በል። አንዲት እንቁላል የምታህል ጠጠር ምረጥና ዓይንህን አትንቀል። መጀመሪያ ጉድጓዷ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ጸጥ ትላለች። እንደገና ትወዛወዛለች። ከዚያ ድንገት አንድ ግፊት ይመጣና ከጠርዙ ላይ ገልብጧት ይሄዳል። ውሃ እኩል አይገፋም፤ በመሃል በመሃል እየጠነከረ ነው የሚመታው። አማካዩ ፍጥነት ሳይጨምር ድንጋይ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ሌላው ነገር ጎረቤት ነው። ትልቅ ድንጋይ ጀርባ የተደበቀች ጠጠር አትነሳም። ወለሉን የሸፈኑት ድንጋዮችም እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ይተኛሉ፤ ከሥራቸው ያለውን አሸዋ የያዙት እነሱ ናቸው። ይህን በደንብ የተማርኩት በአንድ ጠለፋ ላይ ነው። ሥራ ተቋራጩ ለጋቢዮን (ድንጋይ ለሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) የሚሆን ድንጋይ ከግድቡ ሥር፣ ከራሱ ከወንዙ ወለል አስለቀመ። ቅርብ ነው፣ ትራንስፖርት አያስወጣም። ወለሉ ጠፍጣፋና ንጹሕ ሆኖ ሲታይ እኔም ዝም አልኩ። በቀጣዩ ክረምት ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ካየነው የማይበልጥ ጎርፍ መጣ። ጠዋት ስንደርስ ኮንክሪቱ ሥሩ ተቦርቡሮ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከሥሩ አስገባሁት፤ ዳሩን አላገኘሁትም። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ታች ያሉት ገበሬዎች በዚያ ዓመት በመስኖ አላመረቱም።

ስለዚህ አደራ፣ ለጋቢዮን ድንጋይ ከካባ፣ ማለትም ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ፣ አስመጣ። የወንዙን ወለል አትንካው። የቦይህን ተዳፋት በጎማ ውሃ ልክ (ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ) ለካ፤ ውሃው ሞልቶ ሲሄድ ደግሞ ጥልቀቱን ያዝ። ሁለቱን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝና ውሃውን የሚቋቋመው ምን ያህል ትልቅ ድንጋይ እንደሆነ አብረን እናሰላዋለን።