ለአንድ ቀን ተጠርታ ዓመታት ስለቆየችው ተዋናይት፣ ለናንተ ለልጆቼ

ልጆች እንዴት ናችሁ። ባለፈው ሳምንት ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ደወለችልኝና «እትዬ፣ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው የሰጡኝ፣ ሦስት መስመር ናት፣ እምቢ ልበላቸው እንዴ?» አለችኝ። ስልክ ላይ ሆኜ አጭር መልስ ሰጠኋት ግን ልቤ አላረፈም፣ ምክንያቱም ይሄንን ነገር እሷ ብቻ አይደለችም ምትጠይቀኝ፣ በየጊዜው ከናንተ አንዱ ይጠይቀኛል፣ ስለዚ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ። እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው በመድረክና በካሜራ ፊት፣ የማውቀውን አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ በብዛት ምነግራችሁ ስለ ቤቲ ዋይት ነው፣ ስለ አሜሪካዊቷ የሲትኮም፣ ማለትም የአስቂኝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ተዋናይት። ዓመቶቹን በነሱ አቆጣጠር ነው ምጽፋቸው እንዳትሳሳቱ።

ብዙዎቻችሁ ምታውቋት በአጫጭር ቪዲዮ ይመስለኛል፣ ፀጉሯ የነጣ ፈገግታዋ የማይጠፋ አሮጊት። ግን እቺ ሴት ጃንዋሪ 17፣ 1922 ኢሊኖይ ውስጥ ኦክ ፓርክ ነው የተወለደችው፣ ያደገችው ካሊፎርኒያ፣ ያረፈችው ደግሞ በ2021 የመጨረሻዋ ቀን፣ መቶ ዓመቷን ልትደፍን 17 ቀን ሲቀራት። ቴሌቪዥን ላይ መጀመሪያ የቀረበችው በ1939 ሃይስኩል እንደጨረሰች የሙከራ ስርጭት ላይ ዘፍና ነው። 1939 እኮ ነው ምላችሁ፣ ሰው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። እና ከዛ ጀምሮ እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜዋ ድረስ ሠራች።

አጀማመሯ ግን ቀላል አልነበረም። ፊልም ስቱዲዮዎቹ ፊትሽ ለካሜራ አይሆንም ብለው መለሷት። ሬዲዮ ጣቢያ ስትሄድ ደግሞ የተዋንያን ማህበር ካርድ የለሽም ተባለች፣ ካርዱን ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፣ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ካርዱ፣ እናንተም ይሄንን «ልምድ ያላት እንፈልጋለን» በሚል ቋንቋ በደንብ ታውቁታላችሁ። አንድ ፕሮዲውሰር አዘነላትና አንድ ሥራ ሰጣት፣ አንዲት ቃል። የማርጋሪን ማስታወቂያ ላይ የማርጋሪኑን ስም መጥራት፣ «ፓርኬ»፣ በቃ ይቺው ናት። ራሷ ስትናገር ቃሏን እንዳልሳሳት ብላ ተጨንቃ ነበር። አንዲት ቃል! እኔ ይቺን ታሪክ ስሰማ ሁሌ ያቺ የደወለችልኝ ልጅ ትመጣብኛለች፣ ሦስት መስመር ይዛ ያነሰኝ ነው ምትል።

ከዛ በ1949 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሆሊውድ ኦን ቴሌቪዥን ሚባል ፕሮግራም ላይ ረዳት አቅራቢ ሆነች። በቀን አምስት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ያለ ስክሪፕት። አሁን አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለመቅረጽ አስር ጊዜ ለምትደጋግሙት ልጆች ይሄንን ቁጥር ደግማችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። እንግዳው ቢቀር መሙላት አለብሽ፣ አንድ ነገር ቢወድቅ ቢሰበር ተመልካቹ ያየዋል፣ ቁረጡልኝ ማለት ሚባል ነገር የለም። አራት ዓመት ሙሉ እንዲ ስትሠራ ነው ዝም ብሎ መስማትን የተማረችው፣ ምክንያቱም ስክሪፕት ከሌለሽ ቀጥሎ ምትይው ነገር ያለው ከፊትሽ ያለው ሰው አፍ ውስጥ ነው። ይሄ ነገር ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆይቶ እንዴት እንደጠቀማት በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1952 ከሁለት ሰዎች ጋር ሆና የራሷን ፕሮዳክሽን ኩባንያ አቋቋመች፣ ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ላይፍ ዊዝ ኤልዛቤት ሚባለውን ሲትኮም በሱ ነው የሠሩት፣ እሷም ዋና ተዋናይት ብቻ ሳትሆን አዘጋጅም ነበረች። በዛ ዘመን ካሜራ ፊትም ከካሜራ ጀርባም ሥልጣን የነበራት ሴት በጣት ምትቆጠር ናት።

አሁን ምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። በ1954 በስሟ የተጠራ የቀን ፕሮግራም ነበራት በኤንቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ። አርተር ደንካን የሚባል ጥቁር ዘፋኝና የታፕ (በጫማ ወለል እየመቱ ሚጨፍሩት) ዳንሰኛ በቋሚነት ታቀርበው ነበር። የደቡብ ግዛት ጣቢያዎች ካላስወጣሽው ፕሮግራምሽን አናሳይም ብለው ማስፈራራት ጀመሩ። እሷ ይቅርታ፣ እሱ ይቆያል፣ ከቻላችሁ ቻሉት አለቻቸው፣ ብላም አልቀረች፣ በየቻለችው አጋጣሚ ደጋግማ አቀረበችው። ፕሮግራሙ በዛው ዓመት ተዘጋ። እኔ እናንተን ትንሿን ሥራ ተቀበሉ ስላችሁ ሁሉንም ነገር ተቀበሉ ማለቴ አይደለም። ሚናው ትንሽ ስለሆነ ማጎንበስ ሌላ፣ ሰው አሳልፎ ለመስጠት ማጎንበስ ሌላ፣ ሁለቱን እንዳታምታቱብኝ። እሷ አንዲት ቃል ለመናገር አላፈረችም፣ ያንን ልጅ ግን አልሸጠችም።

ከዛ በኋላ ረጅም ጊዜ ትልቅ ሚሉት ሲትኮም አልያዘችም። ጌም ሾው፣ የጨዋታ ውድድር ፕሮግራም ማለት ነው፣ ላይ በእንግድነት ትቀመጥ ነበር፣ ማስታወቂያ ትሠራ ነበር፣ የሮዝ ሰልፍ ሚባለውን የአዲስ ዓመት የአበባ ትርኢት በቴሌቪዥን ታስተዋውቅ ነበር። ሰው ይሄንን ዘመን ዘሎ ነው ሚያልፈው፣ ለኔ ግን ከሁሉም ትልቁ ትምህርት ያለው እዚ ጋ ነው፣ ከ1958 በኋላ ወደ አስራ አምስት ዓመት ገደማ የሷ ካራክተር የሆነ ሲትኮም የለም እና ሴትየዋ ግን አንድ ቀን እንኳን ከሥራ አልጠፋችም። ፓስወርድ የሚባለው ጌም ሾው ላይ ነው አለን ለደንን ያገኘችው፣ አቅራቢው እሱ ነበር። ከዛ በፊት ሁለት ጊዜ አግብታ ፈታለች፣ ሁለተኛው ባሏ ሥራሽን ተዪ ስላላት ነው የተለያዩት። ስለዚ አለን ሲጠይቃት አንድ ዓመት ያህል እምቢ ስትለው ቆየች፣ በ1963 ተጋቡ፣ በ1981 በጨጓራ ካንሰር ሞተባት። ያንን እምቢ ያለችበትን አንድ ዓመት እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ስትቆጭበት ነበር። ለሴቶቹ ልጆቼ ነው ይሄንን የጻፍኩት፣ ሥራችሁን ተዉ ከሚላችሁ ሰው ሽሹ፣ ሥራችሁን የሚወድላችሁ ሰው ሲመጣ ግን በትላንቱ ሰው አትለኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ1973 ሜሪ ታይለር ሙር ሾው ሚባለው ሲትኮም አራተኛ ዓመቱን ሲጀምር ጸሐፊዎቹ አንድ ካራክተር ፈጠሩ፣ ሱ አን ኒቨንስ፣ ቴሌቪዥን ላይ የምግብና የቤት አያያዝ ፕሮግራም ምታቀርብ፣ ካሜራ ሲበራ ማር ማር ምትል፣ ሲጠፋ ወንድ ምታሳድድ ሴት። ስክሪፕቱን ሲያወጡት «እንደ ቤቲ ዋይት ጣፋጭ ሆና» ምናምን ብለው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ለምን ራሷን አንጠራትም ተባለ። የተጠራችው ለአንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ዕድሜዋ 51 ነው። አንድ ትዕይንት አለ፣ ሱ አን የስቱዲዮ ኪችኗ ውስጥ ናት፣ ሱ አን ባሏን የነጠቀቻት ሴት መጥታ ትፋጠጣታለች፣ ሱ አን ደግሞ ምድጃ ውስጥ ያለው ሱፍሌ፣ በእንቁላል ሚሠራ ተነፍቶ ሚበስል ምግብ፣ ነው ሚያስጨንቃት። ያኔ ቤቲ ፊቷ ላይ ያለውን ፈገግታ ሳታጠፋ፣ እጇ ስለተያዘ፣ ጉልበቷን ቀስ አርጋ አነሳችና የምድጃውን በር በጉልበቷ ዘጋችው። ስታዲዮም ያህል ሳቅ ነው የመጣው። ያቺ አንዲት እንቅስቃሴ የሴትየዋን ሙሉ ባህሪ ነገረችን፣ ከላይ ስኳር፣ ከወገብ በታች ብረት። ለአንድ ቀን መጥታ ሲትኮሙ እስኪዘጋ እስከ 1977 ቆየች፣ በ1975ና በ1976 ኤሚ ሚባለውን ትልቁን የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመችበት።

እኔ ራሴ ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ እያለ አንድ ትልቅ ቲያትር ላይ የሠራተኛ ሚና ተሰጠኝ፣ በትሪ ውሃ ይዤ ገብቼ «ይኸው ጌታዬ» ብዬ መውጣት። ተናድጄ ነበር። ልምምድ እዘገያለሁ፣ ስገባ ፊቴን ወደ ተመልካች አዙሬ ነው፣ እንዲያዩኝ። አንዲት አንጋፋ ተዋናይት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ፣ ያንን ውሃ ለማን ነው ይዘሽ ምትገቢው?» አሉኝ። ለጌታው አልኳቸው። «ታዲያ ጠምቶት እንደሆነ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አይቼው አላውቅም። ሃያ ምናምን ቀን ውሃ ሳቀርብለት ፊቱን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። በቀጣዩ ቀን ገባሁና አየሁት፣ እውነትም ከንፈሩ ደርቋል፣ ካራክተሩ ታሞ ነው እኮ፣ ብርጭቆውን ወደ እጁ አስጠግቼ እስኪይዘው ቆየሁ። ቃሌ ያው ሁለት ቃል ነው፣ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። እስከዛሬ ያንን ጸጥታ አስታውሰዋለሁ።

ለዚ ነው ጎልደን ገርልስ ስለሚባለው የቤቲ ሲትኮም ስናወራ ሌላ ነገር ከማየቴ በፊት የቤቲን ዓይን ማየው። ሲትኮሙ በሴፕቴምበር 1985 ጀመረ፣ 63 ዓመቷ ነው፣ ሰባት ሲዝን፣ 180 ክፍል። ማያሚ ውስጥ አንድ ቤት ሚኖሩ አራት ሴቶች፣ ቤቲ፣ ቢ አርተር፣ ሩ ማክላናሃንና ኤስቴል ጌቲ። መጀመሪያ ቤቲን ያጯት ወንድ ለምትወደው ለብላንሽ ነበር፣ ከሱ አን ጋር ስለምትመሳሰል፣ ሩን ደግሞ ለየዋኋ ለሮዝ። ዳይሬክተሩ ጄይ ሳንድሪች ነው ተቀያየሩ ያለው። ሮዝን ደደብ አርጎ መጫወት ቀላል ነው፣ ማንም ይችለዋል። ቤቲ ግን የዋህ ነው ያደረገቻት፣ የተነገራትን ቃል ሁሉ እንደወረደ ምታምን፣ ያ እመለስበታለሁ ያልኳችሁ መስማት እዚ ጋ ነው የጠቀማት። እነዛን ረጃጅም የሴንት ኦላፍ፣ የሮዝ የትውልድ ከተማ፣ ታሪኮች ስታወራ ዓይኗን እዩት፣ አንዲት ጊዜ እንኳን ቀልድ እያወራሁ ነው አትልም፣ የአጎቷን ለቅሶ ምታወራ ነው ምትመስለው። ቢ አርተር ደግሞ ዝም ብላ ታያታለች፣ ሳቁ ሚመጣው ከዛ ዝምታ ነው። አንዷ ካልሰማች ሌላዋ አታስቅም።

ተመልካች ፊት ሚቀረጽ ሲትኮም እንደ ቲያትር ነው ምትሠሩት። ሳምንቱ በጠረጴዛ ንባብ ይጀምራል፣ ተዋንያኑ ተቀምጠው ስክሪፕቱን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከዛ ልምምድ ነው፣ ጸሐፊዎቹ ማታ ማታ ይቀይሩታል፣ ትላንት ያጠናሽው መስመር ዛሬ ሊጠፋ ይችላል፣ ከዛ ካሜራዎቹ ይመጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ሰው ይገባል። ሰው ሲስቅ ደግሞ ቀጣዩን መስመር መያዝ አለብሽ፣ ቶሎ ብትናገሪ ሳቁ ይውጠዋል፣ ብትቆዪ ይበርዳል፣ ሳቁ ከላይ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ነው ምትገቢው። በዛ በምትጠብቂበት ጊዜ ፊትሽ ባዶ መሆን የለበትም፣ ካራክተሩ እያሰበ መቆየት አለበት። ይሄ በቪዲዮ አይጠናም፣ ሰው ፊት ቆማችሁ ነው ምትለምዱት፣ ስለዚ ትንሽም ቢሆን ተመልካች ያለበት መድረክ ስታገኙ እባካችሁ አትለፉት።

ከዛ በ2010 ደግሞ 88 ዓመቷ ላይ፣ ሱፐር ቦውል ሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ምትወድቅበት የስኒከርስ ቸኮሌት ማስታወቂያ ወጣ፣ ወጣቶች በፌስቡክ ዘመቻ ጀመሩላትና ሳተርደይ ናይት ላይቭ ሚባለውን የቀጥታ ስርጭት የኮሜዲ ፕሮግራም አቀረበች፣ ከዛ በፊት ጠይቀዋት እምቢ ያለችው ነው፣ በጣም ፈርታ ነበር ደግሞ። ኤሚ አገኘችበት። በዛው ዓመት ሆት ኢን ክሊቭላንድ ለሚባል ሲትኮም የመጀመሪያው ክፍል ላይ ብቻ ብቅ እንድትል ጠሯት። ለአንድ ቀን፣ እንደገና። እስከ 2015 ቆየች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራዋ ብቻ አልነበረም ሕይወቷ። ልጅ ሆና የደን ጠባቂ መሆን ነበር ምትፈልገው፣ በዛን ጊዜ ግን ለሴት አይፈቀድም። የእንስሳት ፍቅሯን ግን አልተወችም፣ ለሎስ አንጀለስ የእንስሳት ማቆያ አስርት ዓመታት ደክማለች፣ ውሻ ሚጎዳበት ትዕይንት ስላለው ብላ ትልቅ ፊልም መልሳለች። በ2010 የአሜሪካ የደን አገልግሎት የክብር ደን ጠባቂ ብሎ ሰየማት። ሥራ በጠፋ ሰሞን አልጋ ላይ ለምትውሉት ነው ይሄንን የምጽፈው፣ አውቃለሁ ከባድ ነው፣ እኔም ውዬ አውቃለሁ፣ ግን ከተዋናይነታችሁ ውጪ ያለው ማንነታችሁም ቀኑን ማግኘት አለበት።

እና አንቺ የደወልሽልኝ ልጅ፣ ቀረጻሽ ማክሰኞ ነው ብለሽኛል። ሦስቱን መስመር የሌላውን ሰው መስመር ጨምረሽ አጥኚ፣ ከሰዓቱ ቀድመሽ ድረሺ፣ የመብራት ባለሙያውን ስሙን ጠይቂው። ማታ ስትደውይልኝ ደግሞ እንዴት እንደሠራሽ ሳይሆን ከፊትሽ የነበረው ሰው መስመርሽን ስትናገሪ እጁን የት እንዳደረገ ነው ምጠይቅሽ።