ምዕራፍ ሳይሆን ሰዓት ይቁጠሩ

«በመጪው ወሰነ ትምህርት የስታቲስቲክስ መግቢያ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። የተረከብኩት መርሐ ትምህርት 14 ምዕራፎችን በ15 ሳምንት ጨርስ ይላል። እንዴት ላስተካክለው?» ብለው ለጠየቁን መምህር፦

እኔም የጀመርኩት እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የመማሪያ መጽሐፉን ማውጫ ገልብጬ፣ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ጎን የሳምንት ቁጥር ጽፌ፣ መርሐ ትምህርት አዘጋጀሁ ብዬ አረፍኩ። አሥራ አንደኛው ሳምንት ሲያልቅ ስድስተኛውን ምዕራፍ ገና መጨረሴ ነበር። የቀሩትን ስምንቱን በአራት ሳምንት አጣደፍኳቸው። እኔ አወራሁ፣ ተማሪዎቹ ጻፉ፣ የተማረ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የማዘጋጀው ከመጨረሻው ተነሥቼ ነው። አካሄዱ የእኔ ግኝት አይደለም፤ ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ የተባሉ አሜሪካውያን የትምህርት ባለሙያዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 በጻፉት መጽሐፍ ያስፋፉት ነው። መጀመሪያ ተማሪው ምን መሥራት እንዲችል እንደሚፈለግ ይወሰናል፤ ቀጥሎ መቻሉ በምን እንደሚታወቅ፤ ምን እንደሚያስተምሩት የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚያስቸግረው ዓላማዎቹን መጻፉ ነው። «ተማሪው የናሙናን ምንነት ይገነዘባል» የሚል ዐረፍተ ነገር የሌለበት መርሐ ትምህርት አይቼ አላውቅም። መገንዘቡን በምን ላየው ነው? እኔ ይህን ሰርዤ «ተማሪው መቶኛ የያዘ ዘገባ ሲሰጠው፣ ቁጥሩ ከእነማን እንደተሰበሰበ፣ እነማን እንደተዘለሉና መደምደሚያው የት ላይ እንደሚላላ በአንድ ገጽ ይጽፋል» ብዬ ተካሁት። የቤት ሥራውም የማረሚያው መስፈርትም ከዚሁ ዐረፍተ ነገር ወጡ። ከ14ቱ ምዕራፎች አምስቱ ለየትኛውም ዓላማ እንደማያገለግሉ ያየሁትም ያን ጊዜ ነው፤ አወጣኋቸው። (አንዱ በጣም የምወደው ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።)

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንዘለው ሥራ ልምጣ። የተለመደው ስሌት ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የግል ጥናት ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት እንግዲህ ከክፍል ውጭ ስድስት ሰዓት አለው፤ ከዚያ የሚያልፈውን ከሌላ መምህር ድርሻ እየወሰድን ነው። አንድ ጊዜ የሰባተኛውን ሳምንት ሥራ ራሴ ተቀምጬ ሠራሁት። ንባቡ 40 ገጽ፣ አንድ ሰዓት፤ መልመጃው 40 ደቂቃ፤ የዘገባው ረቂቅ አንድ ሰዓት ተኩል። ለጉዳዩ አዲስ የሆነ ሰው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይፈጅበታል ብዬ ሳሰላው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መጣ። ለካ «ሰነፎች» ስላቸው የነበሩት ተማሪዎች የማይቻለውን ትተው የሚቻለውን ይሠሩ ነበር። ንባቡን ወደ 15 ገጽ አወረድኩ፣ ረቂቁን ወደ ስምንተኛው ሳምንት ገፋሁ።

የነጥብ ክፍፍሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁሉንም በሁለት ትልልቅ ፈተናዎች አይቆልሉት፤ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ የምትፈጅ፣ ነጥቧ ያነሰች ፈተና ትኑር። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲለካ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን እንዲያስታውሱ የተፈተኑት ቀደሙ።

መርሐ ትምህርቱን ማን ያነበዋል ካሉኝ፣ እንዲሁ ከተሰጠ ማንም። በዚያው አቆጣጠር በ2021 አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህር የአንድ ቁም ሣጥን ቁጥርና የመክፈቻውን ምስጢር ቁጥር በመርሐ ትምህርቱ ውስጥ ሸሸጉ፤ ሣጥኑ ውስጥ 50 ዶላር ነበር። ሰባ ያህል ተማሪዎች ነበሯቸው፤ ወሰነ ትምህርቱ ሲያልቅ ገንዘቡ እንዳለ ተገኘ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሰነዱን ጮክ ብዬ አላነብም። ጥንድ ጥንድ አድርጌ «ሐሙስ ማታ ታመማችሁ፣ ሥራው የሚሰበሰበው ዓርብ ጠዋት ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?» የመሰሉ አምስት ጥያቄዎች እሰጣቸዋለሁ፤ መልሱን ከሰነዱ ይፈልጋሉ። ሁለት ጥንዶች የተለያየ መልስ ካመጡ ጥፋቱ የእኔ አጻጻፍ ነው፤ ያንኑ ማታ አርማለሁ። «በቂ ምክንያት ላለው ይታያል» የምትለዋ ሐረጌ የቀረችው በዚህ ነው። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ ምክንያት ሳይጠየቅ የሚጠቀምባቸው ሦስት የመዘግያ ቀኖች አሉት፤ በየቢሮው ደጃፍ የሚሰማው ልመናም ቀርቷል።

ዘጠነኛውን ሳምንት ደግሞ ባዶ ይተዉት። በተረፉ ነገሮች ይሞላል፤ አይጨነቁ።

ትምህርት ክፍሉ «14ቱም ግዴታ ናቸው» ካለዎት ከኮሚቴው ጋር ከመከራከርዎ በፊት ቀጣዩን ትምህርት የሚሰጠውን መምህር ያግኙና «ተማሪዎቹ ሳይችሉት የሚመጡት ሦስት ነገር ምንድን ነው?» ይበሉት። እኔ ስጠይቅ ያገኘሁት የመጀመሪያ መልስ «ግራፍ ማንበብ» የሚል ነበር። ከ14ቱ ምዕራፎች ስለ እሱ የሚያወራ አንድም አልነበረም።