ደረቅ ወንዝ ውስጥ ለተገኘው አጥንት፦ ፍለጋው በካርታ ከየት ይጀምራል?

ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ደረቅ ወንዝ ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሰው አጥንት ተገኝቶ ፖሊስ ቦታውን ከልሏል፤ ቀሪውን ለመፈለግ ጉግል ኧርዝ ይረዳናል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁት።

ይረዳል፤ አጥንቱን ግን አያሳያችሁም። ምስሉ ጥርት ባለበት እንኳ የተሠራባት አንዷ ነጥብ (ፒክሰል) መሬት ላይ ግማሽ ሜትር ገደማ ናት፤ ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት ነጻ ምስል ደግሞ 10 ሜትር። ካርታው የሚጠቅመው የት እንደምትፈልጉ፣ ይልቁንም የትኛውን ቦታ እንደምትተዉ ለመወሰን ነው።

በቅድሚያ ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም ቦታውን የሚገልጹትን ቁጥሮች፣ አጣሩ፤ እኛ ሰፈር ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 42 ዲግሪ ኬንትሮስ በሁለቱ ከተሞች መሃል ስለሚያልፍ በዩቲኤም (ዓለምን በየ6 ዲግሪ ኬንትሮስ ዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚገልጸው ሥርዓት) ድሬዳዋ በዞን 37፣ ሐረር በዞን 38 ናቸው። ዞን ቢሳሳት ነጥቡ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ወዲያው ይነቃበታል። የሚያሞኘው ትንሹ ስህተት ነው። የድሮዎቹ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ) ነው፤ የስልካችሁ ጂፒኤስ ግን የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ ዳተም ነው። ሳይቀየር ከተነበበ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል፤ ጎረቤት ሸለቆ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። በዲግሪ፣ ከነጥብ በኋላ አምስት አኃዝ አድርጋችሁ ብትለዋወጡ ይሻላል።

ቀጥሎ፣ አጥንቱን ጎርፍ አምጥቶት ከሆነ የመጣው ከላይ ነውና፣ ከተገኘበት ነጥብ ወደ ላይ ውሃው የሚመጣበትን ተፋሰስ ኪውጂአይኤስ በተባለው ነጻ የካርታ ሶፍትዌር ለዩ። ኤስአርቲኤም የተባለው ከጠፈር የተለካ የመሬት ከፍታ መረጃ አንዷ ነጥቡ 30 ሜትር ስለሆነች ትንንሽ ቦዮችን ይስታል፤ ምስሉን እያያችሁ በእጅ አርሙት። ጎርፍ ቀላሎቹን፣ የጎድን አጥንትና አከርካሪን፣ ቀድሞ ይወስዳል፤ ክብ የሆነው የራስ ቅል ደግሞ ይንከባለላል። ስለዚህ ወንዙ የሚሰፋበትን፣ የጠመዝማዛውን የውስጥ ጎን፣ የትልልቅ ድንጋይና የግራር ሥር ኋላ፣ የመንገድ ቱቦ አፍን ምልክት አድርጉ። ሁለት ገባር የሚገናኝበት ስትደርሱ ሁለቱንም ጥቂት ፈትሹ፤ አጥንት የተገኘበትን ይዛችሁ ወደ ላይ ቀጥሉ፣ ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

አጥንቱ ጫፉ ከተበላ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ጅብ የቦይ መስመር አይጠብቅም፣ ሽቅብም ይጎትታል። ያኔ ዙሪያውን ገደልና ዋሻ ያለበትን ከምስሉ ለቅማችሁ ፈትሹ።

ድሮን ካላችሁ መጀመሪያ ፈቃድ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ መሆኑንም አትርሱ። በ30 ሜትር ከፍታ፣ ምስሎቹ 80 በመቶ እየተደራረቡ፣ ጠዋት ይነሳ። ቀትር ላይ ነጭ ነገር ሁሉ ይነጣና ዝርዝሩ ይጠፋል። ያም ሆኖ የድሬዳዋ ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ የፍየልና የግመል አጥንት ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በእግር ሄዶ ሳያረጋግጡ ምንም አይባልም።

የተገኘውን አታንሱ፤ መለኪያ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ባንዲራ ትከሉ፣ ለፖሊስ ንገሩ። መንጋጋና ጥርስ ከተገኘ ለማንነት መለያ ዋና ነገር ነውና አፈሩም ሳይነካ ይቆይ። የሄዳችሁበትን መስመር በስልክ መዝግባችሁ ማታ ካርታው ላይ ጫኑት፤ ያልተረገጠው ወለል ብሎ ይታያል። ነጥቡን ግን ግሩፕ ላይ አትለጥፉ።